«ሳይበላሽ አይገዛም»

ሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የፋይል ሰርቨሩ ሰባተኛ ዲስክ ዛሬም ጤነኛ ነኝ ይላል። ስማርት የሚባለው፣ ሃርድ ዲስኩ ራሱን የሚመረምርበት ሥርዓት፣ አጠቃላይ ውጤቱን «አልፏል» ብሎ ደምድሟል። ዝርዝሩን ወረድ ብሎ ላነበበ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ባለፈው ሳምንት 197ኛው መለኪያ ላይ 8 የነበረው ቁጥር 24 ደርሷል። ይህ መለኪያ ዲስኩ ሊያነባቸው ሞክሮ ያቃቱትን፣ ግን ገና ያልጣላቸውን ሴክተሮች የሚቆጥር ነው። በላያቸው ሊጻፍባቸው ተሞክሮ አሁንም እምቢ ካሉ በመጠባበቂያ ሴክተር ይተካቸውና 5ኛው መለኪያ ላይ ይመዘግባቸዋል። 5ኛው እስካሁን ዜሮ ነው። ማለትም ዲስኩ ችግሩን ያውቀዋል፣ እስካሁን ግን አልተናዘዘም።

«አልፏል» የሚያሰኘውን ገደብ ያወጣው አምራቹ ነው። አምራች ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈራው በሐሰት ማስጠንቀቂያ ምክንያት ዋስትናው ሳያልቅ የሚመለስበትን ደህና ዲስክ ነው፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው ነገሩ ካለቀለት በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ መሬይ፣ ሂውዝና ክሮይትዝ ዴልጋዶ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የጠቀሱት የአምራቾች ግምት እንደሚለው፣ ይህ ገደብ ቀድሞ የሚይዘው ከሚሞቱት ዲስኮች ከ3 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑትን ብቻ ነው። እነሱ በ369 ዲስኮች መዝገብ ላይ ማሽን ለርኒንግን፣ ማለትም ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር ማድረግን፣ ሲሞክሩ፣ አንድም ደህና ዲስክ በሐሰት ሳይከሰስ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉን ያዙ። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ያውም በዚያች ትንሽ መረጃ! እኛ ግን አሁንም «አልፏል» የሚለውን አንብበን በሩን ቆልፈን እንሄዳለን።

እሑድ፣ የካቲት 23 ቀን

የዓድዋ በዓል። ሰፈሩ ከጠዋት ጀምሮ በፉከራና በመኪና ጥሩንባ ደምቋል። እኔ ዳታ እያወረድኩ ነው።

የሚሞተውን ዲስክ ቀድሞ የሚናገር ሞዴል ከራሳችን ዲስኮች ማሠልጠን አይቻልም። ሰርቨሮቻችን ውስጥ ያሉት ተደምረው መቶ አይሞሉም፤ በዓመት አንድ ሁለት ቢሞቱ ነው። ለመማር የሚበቃ ሞት የለንም። ሞት የተትረፈረፈው ባክብሌዝ ዘንድ ነው። ይህ የካሊፎርኒያ የመረጃ ማከማቻ ድርጅት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የዲስኮቹን መዝገብ ለፈለገው ሁሉ በነፃ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ዲስክ በየቀኑ አንድ መስመር አለ፤ ቀኑ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የዲስኩ ዓይነት፣ መጠኑ፣ የስማርት ቁጥሮቹ፣ እና አንዲት አምድ፦ በሕይወት ካለ 0፣ ያ ቀን የመጨረሻው ከሆነ 1። አሁን ድርጅቱ የሚከታተላቸው ዲስኮች ከ300,000 በላይ ናቸው። በ2024 ከእነዚህ ውስጥ በዓመት ሲሰላ 1.57 በመቶው ሞተዋል፤ በ2023 ደግሞ 1.70 በመቶ ነበር።

የባክብሌዝ ሰዎች ሌላም ታሪክ አላቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. ታይላንድ ላይ የደረሰው ጎርፍ የዲስክ ፋብሪካዎችን ሲያጥለቀልቅ ዋጋው ሰማይ ነካ። ሱቆቹ ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አንሸጥም ሲሉ፣ ሠራተኞቹ ከወዳጅ ዘመድ ጋር እየዞሩ በፕላስቲክ ቀፎ የታሸጉ ውጫዊ ዲስኮችን ለቃቅመው፣ ቀፎውን እየሰበሩ ሰርቨር ውስጥ ከተቱ። ዲስክ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያሻም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4 ቀን

«ጋሼ፣ 99.99!»

አዲስ የተቀጠረችው ባልደረባዬ ናት፤ ላፕቶፗን እንደከፈተች ይዛ ከበሩ ላይ። ሌሊቱን ሞዴሉን ስታሠለጥን አድራለች መሰለኝ።

«ጎበዝ! ከሚሞቱት ስንቱን ያዘልሽ?»

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ቀስ ብላ ወረደች። የተሳሳተውንና የያዘውን የሚያሳየው ትንሽ ሰንጠረዥ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። አንድም አልያዘም። ለሁሉም ዲስክ፣ ለሁሉም ቀን «አይሞትም» ብሎ ነው ያለፈው።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። በዓመት 1.57 በመቶ ማለት በአንድ ቀን ከ23,000 ገደማ ዲስኮች አንዱ ይሞታል ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ሳይማር «ማንም አይሞትም» የሚል ሞዴል ከ99.99 በመቶ በላይ ትክክል ነው። በማስታወቂያ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከሚሞቱት ስንቱን ያዘ? ሞተ ካላቸው ስንቱ እውነት ሞተ? ሁለቱን ያልነገረኝ ምንም አልነገረኝም።

ከሰዓት በኋላ አብረን ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው ጀመርን። አንድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ያሉትን 30 ቀናት «ሊሞት ነው» በሚል ምልክት አደረግን፤ ከጤነኞቹ መስመሮች አብዛኛውን ቀነስን። ከዚያ ሌላ ወጥመድ መጣ። መስመሮቹን በዕጣ ከፍሎ ግማሹን ለማስተማሪያ፣ ግማሹን ለፈተና ማዋል ቀላል ነው፤ ግን የአንዱ ዲስክ ሰኞ ማስተማሪያው ውስጥ ገብቶ ማክሰኞው ለፈተና ይቀርባል። ሞዴሉ የሞት ምልክትን ሳይሆን ያንን ዲስክ ራሱን ያስታውሳል። ስለዚህ በዘመን ከፈልነው፤ እስከ አንድ ቀን ያለው ትምህርት፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ፈተና። ውጤቱ ወዲያው አሽቆለቆለ። እሷ ከፋት፤ እኔ ማመን የጀመርኩት ያኔ ነው።

ደግሞ የዲስኩ ዓይነት አለ። ስማርት ስሙ አንድ ነው እንጂ ቋንቋው በየአምራቹ ይለያል። ሲጌት 1ኛውና 7ኛው መለኪያ ላይ የሚጽፈው ግዙፍ ቁጥር ሁለት ነገር አንድ ላይ የታጨቀበት ነው፤ ላላወቀ ሰው ጤነኛው ዲስክ ሚሊዮን ጊዜ የተሳሳተ ይመስላል። ሁሉንም ዓይነት አደባልቆ አንድ ሞዴል ማሠልጠን ትርፉ ድካም ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13 ቀን

የድሮ ጽሑፎች ሳነብ ዋልኩ። የጎግሎቹ ፒኔሮ፣ ዌበርና ባሮሶ በ2007 እ.ኤ.አ. ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው የጻፉት ዛሬም አላረጀም። አንድ ዲስክ በፍተሻ ጊዜ የመጀመሪያውን ስሕተት ካሳየ፣ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስሕተት ካላሳየው በ39 እጥፍ ይበልጣል። ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ አለቀ፣ ተገኘ» ይላል። በዚያው ጽሑፍ ግን ከሞቱት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት አራቱ ዋና ዋና ምልክቶች ላይ ምንም አላሳዩም። ሌሎቹን ምልክቶች ሁሉ ሲጨምሩበት እንኳ (ሙቀትን ትተው) ከ36 በመቶ በላዩ ድምፁን ሳያሰማ ነው የሄደው። ሙቀትም ቢሆን ሰው እንደሚገምተው ዋና ገዳይ ሆኖ አላገኙትም።

ባክብሌዝም በ2016 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። እነሱ የሚያዩት አምስት መለኪያዎችን ነው፤ 5፣ 187፣ 188፣ 197 እና 198። ከሞቱት 76.7 በመቶው ቢያንስ አንዱ ላይ ከዜሮ በላይ ነበራቸው። በሕይወት ካሉትም 4.2 በመቶው እንዲሁ።

4.2 ትንሽ ይመስላል፤ ግን በግርድፉ እናስላው። 10,000 ዲስክ አለን እንበል። በዓመት 157 ይሞታሉ፤ ከእነሱ 120 ያህሉ ምልክት አሳይተዋል። ከማይሞቱት 9,843 ውስጥ ደግሞ 413 ያህሉ ምልክቱ አለባቸው። ምልክት ያለበትን ሁሉ እናውጣ ብንል 533 ዲስክ ነቅለን የሚሞተው ከአራቱ አንድ አይሞላም፤ 37ቱ ደግሞ እኛ ሳናያቸው ይሞታሉ። ማሽን ለርኒንግ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ መሆኑን ማንም ያያል፣ በምን ፍጥነት እንደሚያድግና ከየትኛው ቁጥር ጋር አብሮ እንደሚያድግ ግን ሰው በዓይኑ አይከታተልም።

ሲጌትና ጎግል ክላውድ በ2021 ይፋ ያደረጉት ሥራ ልኩን ያሳያል። እነሱ የተነበዩት በ30 ቀናት ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ችግር የሚያሳየውን ዲስክ ነው። የተሻለው ሞዴላቸው «ይህ ዲስክ ችግር አለበት» ሲል 98 በመቶ ትክክል ነበር፤ የያዘው ግን ከችግረኞቹ 35 በመቶውን ብቻ ነው። ሲናገር የሚታመን፣ ግን ብዙ የማይናገር። ለእኔ ይህ ከ99.99 ይሻላል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23 ቀን

ግዥ ክፍል ሄድኩ። ኃላፊዋ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ዲስኩ ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ልግዛ?»

«ሊበላሽ ነው።»

«ማን አለ?»

«ኮምፒውተሩ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማኝ ወንድሜ፣ የብልሽት ሪፖርት የሌለው ግዥ አይሄድም። ኦዲተር ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ‹ደህና ዕቃ እያለ ለምን ገዛሽ› ሲለኝ ኮምፒውተሩን ልጥራለት?»

እውነታቸውን ነው። መመሪያውን እሳቸው አልጻፉትም። እኔም የመኪና ክፍሉን ጎማ ጠቀስኩላቸው፤ ጎማ እስኪፈነዳ ተጠብቆ አይገዛም፣ ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ ይቀየራል እንጂ። «እሱ መመሪያ አለው» አሉኝ። ለዲስክ መመሪያ የለም።

ከዚያ ስመለስ ነው ዋናው ነገር የበራልኝ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በ64 የዳታ ማዕከላት ያሉ 380,000 ዲስኮችን ተመልክቷል። ከስማርት ሌላ የአሠራር ፍጥነታቸውንና የተቀመጡበትን ቦታ ጭምር ለሞዴሉ ሰጥተው፣ በአማካይ ከ10 ቀን በፊት በጥሩ ሁኔታ መተንበይ ችለዋል። ድንቅ ነው። 10 ቀን ግን መጋዘናቸው ውስጥ አዲስ ዲስክ በካርቶን ተደርድሮ ለሚጠብቃቸው ሰዎች ነው። እኛ ጋ በ10 ቀን ውስጥ ሦስቱ ፕሮፎርማ እንኳ ተሟልተው አይመጡም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነጋዴው ፕሮፎርማው ላይ «ዋጋው ለሦስት ቀን የጸና» ብሎ ይጽፋል፤ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ዋጋው ሌላ ነው። ከጥያቄ እስከ ርክክብ ሁለት ሦስት ወር ማለት ለእኛ ደንብ ነው።

ሞዴሉን የ90 ቀን ትንቢት እንዲናገር ማሠልጠን ይቻላል። ነገር ግን ወደ ሩቅ ባየ ቁጥር ስሕተቱ ይበዛል፤ አብዛኛው ምልክት የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነዋ። የትንበያው ዕድሜ ከግዥው ዕድሜ ካነሰ፣ ሞዴሉ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ የሚነግረን መቼ እንደምናለቅስ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ መያዝ ነበረበት፤ ባትሪው ደክሞ ኖሮ አልያዘም። ሰርቨሩ በአንዴ ጠፋ። ሲመለስ 12ኛውና 192ኛው መለኪያ፣ ዲስኩ ስንት ጊዜ እንደተነሳና ስንት ጊዜ በድንገት እንደጠፋ የሚቆጥሩት፣ ሁሉም ዲስክ ላይ አንድ አንድ ጨምረዋል።

ባልደረባዬ «ሞዴሉ ይህን አያውቀውም» አለች። ልክ ናት። የተማረው መብራት ከማይጠፋበት ማዕከል ነው፤ የእነሱ ዲስክ አንዴ ከተነሳ ለዓመታት ሲዞር ይኖራል። የእኛዎቹ በወር ውስጥ የሚነሱትና የሚወድቁት የእነሱ በዓመት አይደርስበትም። ስለዚህ «78 በመቶ ይሞታል» ሲለኝ 78ቱን አላምነውም። ተራውን ግን አምነዋለሁ። የማይክሮሶፍት ሰዎችም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ «ይሞታል፣ አይሞትም» ብለው ከመቁረጥ ዲስኮቹን ከሚያሰጋው እስከማያሰጋው በተርታ ደረደሩ። እኛም ደረደርን፤ ዝርዝሩን አትመን ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ለጠፍን። ሰባተኛው ዲስክ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ የወጣው 199ኛው መለኪያው ሲዘል የነበረ ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የገመድ ችግር ነው። ገመዱ ሲቀየር ቁጥሩ ቆመ፤ ከዝርዝሩ ወረደ።

መግዛት ባንችልም ዝርዝሩ ያስቀየረን ነገር አለ። ባክአፑ በየሌሊቱ ሆነ። የሬይዱን፣ ማለትም ዲስኮቹ መረጃውን በጋራ የሚይዙበትን ሥርዓት፣ ሙሉ ፍተሻም በየሳምንቱ አደረግነው፤ ማሽኑ ማንም የማይከፍታቸውን ፋይሎች ጭምር ያነባል፣ የማይነበብ ሴክተር ሲያገኝ ከሌሎቹ ዲስኮች አስልቶ መልሶ ይጽፈዋል። ከመጀመሪያው ፍተሻ በኋላ የሰባተኛው 197ኛ መለኪያ ከ24 ወደ ዜሮ ወረደ፣ 5ኛው ላይ 16 ተጻፈ። የቀሩት 8 ሲጻፍባቸው ዳኑ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16 ቀን

ከፋሲካ በኋላ ገበያ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ዋጋ ለመጠየቅ ወጣሁ። ባለሱቁ በላስቲክ የታሸገ ዲስክ አቀረበልኝ፤ «አዲስ ነው፣ ሰዓቱን ማየት ትችላለህ።» ሰዓቱ፣ ማለትም 9ኛው መለኪያ፣ እውነትም ዜሮ ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በጀርመን የወጣውን ዜና ባላነብ ኖሮ እገዛው ነበር። በዳታ ማዕከል ውስጥ ለዓመታት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች የስማርት ሰዓታቸው ተሰርዞ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል። የተያዙት ሲጌት ፋርም ብሎ በሚጠራው፣ ዲስኩ ውስጥ ባለ ሌላ መዝገብ ነው፤ አጭበርባሪዎቹ እሱን አልነኩትም ነበር። አንዳንዶቹ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ተገኘ። ይህን መዝገብ በላፕቶፔ ከፍቼ ልየው ስለው ባለሱቁ «ካላመንክ ተወው» አለኝ። ተውኩት።

ሞዴሉ የሚያምነው ዲስኩ የጻፈውን ነው። የጻፈው ከተሰረዘ ሞዴሉ አሮጌውን ዲስክ በአራስ ዕድሜ ይቀበለዋል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን

ጠዋት ሰርቨር ክፍሉን ስከፍት ከአየር ማቀዝቀዣው ጩኸት ሥር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ። የዲስኩ ማንበቢያ ክንድ ቦታውን ፈልጎ ሲያጣ የሚያሰማው ነው። ሰባተኛው አይደለም። በዝርዝሩ አራተኛ የነበረው ነው። ሰባተኛው ሥራውን እየሠራ ነው።

ሬይድ 6 ስለሆነ ሁለት ዲስክ ቢሄድም መረጃው አይጠፋም። ከተጣለ አሮጌ ሰርቨር የነቀልነውን ተመሳሳይ መጠን ያለው ዲስክ አስገባን። መልሶ መገንባቱ ሌሊቱን ሙሉ ሄዶ ማግስቱን ዋለ። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ቀሪ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለበት፤ ያልታየ የታመመ ሴክተር የሚገለጠው ያኔ ነው። በየሳምንቱ ስናነበው ስለቆየን ምንም አልተገለጠም። ባልደረባዬ በሩ ላይ ካለው ዝርዝር አራተኛውን ሰርዛ ቀኑን ጻፈችበት።

የብልሽት ሪፖርቱን በዚያው ቀን ለግዥ ክፍል አስገባሁ። አሁን ተበላሽቷል።

ሰኞ፣ ሰኔ 16 ቀን

የበጀት መዝጊያ ወር ግዥ ክፍልን ሌላ ሰው ያደርገዋል። ኃላፊዋ ራሳቸው ደወሉ። «ያ ሊበላሽ ነው ያልከኝ ዲስክ፣ ስንት ነበር የፈለግከው?» አራት አልኩ፤ ሦስት ተፈቀደ። ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ ካደረገ በኋላ «አሮጌውን ተመላሽ አድርግ» አለኝ። የሞተ ዲስክ ማለት የሠራተኛው ሁሉ ፋይል ያለበት ዲስክ ነው፤ እንዲሁ ወደ መጋዘን አይገባም። ግምጃ ቤቱ ደጅ ላይ በመሰርሰሪያ በስተን፣ በቃለ ጉባኤ ተፈራርመን አስረከብን። ሦስቱን አዳዲሶች ከመፈረሜ በፊት የፋርም መዝገባቸውን ከፍቼ አየሁ፤ አዲስ ናቸው።

ለ2018 በጀት ዓመት ዕቅድ ላይ አንድ መስመር አስገብተናል፤ ከዲስኮቹ ብዛት ተሰልቶ መለዋወጫው በዓመቱ መጀመሪያ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ፣ እንደ መኪናው ጎማ መመሪያም እንዲወጣለት። ስንት እንደሚገዛ የሚወስነው ያለፉት ዓመታት የሞት ልክ ነው፤ ለዚያ ማሽን ለርኒንግ አያስፈልግም፣ ማባዛት ይበቃል። የሞዴሉ ሥራ መደርደሪያው ላይ ያለው ዲስክ በየትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚገባ መንገር ነው። እናንተም መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰርቨር የምትጠብቁ ከሆነ፣ ሞዴል ከማሠልጠናችሁ በፊት የግዥ ጥያቄውን አስገቡ።